የታደሰ መንታዎች

ልጄ ሊያ ከጓደኛዋ ቤት ስሊፒንግ ባግ ተውሳ መጥታ በረንዳ ላይ አስጥታዋለች። ያን ሰው ውስጡ ገብቶ እስከ አንገቱ ዚፕ የሚዘጋበትን ነገር። ከሥራ ስገባ ሽታው ነው ቀድሞ የተቀበለኝ፤ እርጥብ ቅጠል፣ ያደረ ጭስ፣ ትንሽ ላስቲክ፣ ትንሽ የሰው እግር። ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆሜ ቀረሁ።

«ማሚ፣ ካምፕ ነው እኮ። አትደንግጪ፣ ዶንት ፍሪክ አውት» አለችኝ ፊቴን አይታ።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ፤ አልደብቅም። ልጄ ሻወር ቤት ገብታ ውሃው ሲቆም ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ሚልፒታስ ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ሲጮኽ ሊያ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ነው የማነሳው፤ ሁልጊዜ ኢንሹራንስ የሚሸጥ ሰው ሆኖ ይገኛል። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቷ ክላሱን በሙሉ ሬድውድ የሚባሉት ረጃጅም ዛፎች ጫካ ወስዶ ሊያሳድር ነው። ሊያ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መልሱን ነገ ጠዋት ይፈልጉታል፤ እሷ ደግሞ የምርመራ ውጤት እንደሚጠብቅ በሽተኛ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች።

«ቆይ ላስብበት» አልኳትና ከስሊፒንግ ባጉ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ እሷ የማስብ መስሏታል። እኔ ያሰብኩት ራሔልን ነው።

ኦክላንድ የገባን ጊዜ እኔም ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ሱዳን ነበርን። ትምህርት ቢባል አንድ ዲያቆን ድንኳን በር ላይ ያስቆጠረኝ ፊደል ነው፤ ይህንን የምጽፍበትም እሱው ነው። የተከራየነው አፓርትመንት ውስጥ ከእኛ በላይ ሌላ የሐበሻ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ከእኛ ብዙ ቀድመው የመጡ ናቸው፤ ጴንጤዎች ናቸው። እሑድ ጠዋት እነሱ ጊታር ይዘው ሲወርዱ እኛ ነጠላ ለብሰን እንወርዳለን። እናቴና የቤቱ እመቤት፣ እትዬ ሰብለ፣ ደረጃ ላይ ሲገናኙ «እንደምን አደሩ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባባሉና አንገት ደፍተው ይተላለፋሉ። እትዬ ሰብለ የእኔ እኩያ የሆነች ልጅ ነበረቻት። ራሔል ትባላለች። እሷ እንኳን ሰላም ልትለኝ፣ ዞር ብላም አታየኝ።

አባቴ ታደሰ ይባላል። የራሔልም አባት ታደሰ ነው። ይሄ ለእኛ ምኑ ይደንቃል? ገበያ መሃል ቆሞ «ታደሰ!» ብሎ ለተጣራ ግማሹ ገበያ ዞሮ ያየዋል። አሜሪካኖቹ ግን የአባት ስም የዘር ስም ነው የሚመስላቸው። በዚያ ላይ የልደት ነገር አለ። እናቴ የኪዳነ ምሕረት ማግስት ነው የወለድኩሽ ትለኛለች፤ የጻፈው ሰው ግን የለም። ስለዚህ የስደተኞች ቢሮ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ቆረጠልኝ። ለራሔልም ያንኑ ነው የሰጣት። በዚያ ዘመን የመጣን የአገሬ ልጆች ስንት ነን ጃንዋሪ አንድ የተወለድን! ፈረንጅ ቢያስብበት በዚያች ቀን አዋላጆቹ እንዴት እንደቻሉት ይገርመው ነበር።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደግ ሴትዮ ነበረች። አባቴ ከእሷ ዘንድ አድርሶኝ ወደ ሥራው ሮጠ። እሷም ስሜን ኮምፒውተሯ ላይ ስትመታ ምን እንዳየች አስቡት። ታደሰ እና ታደሰ። አንድ አገር፣ አንድ ሕንፃ፣ አንድ የልደት ቀን። እጇን አጨበጨበች።

«ትዊንስ!»

ራሔልን ከክላስ አስጠራቻት። ራሔል ረጅም ናት፣ ቀይ፣ አንገቷ የሽመላ። እኔ አጭር ነኝ፣ ጠይም፣ ግንባሬ ከፊቴ ቀድሞ የሚመጣ። ጸሐፊዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና፣ ሁሉም መንታ አይመሳሰልም ብላ ይመስለኛል፣ በፈገግታ ጠየቀችኝ።

«ኢዝ ሺ ዩር ሲስተር?»

እናቴ ከቤት ስወጣ የሰጠችኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ትልቅ ሰው የሚልሽን ሁሉ «የስ» በይ።

«የስ» አልኩ።

ራሔል ዐይኗ ፈጠጠ። «ኖ! ሺ ኢዝ ኖት ማይ ሲስተር!»

ጸሐፊዋ አዘነች። ተነሥታ ራሔልን ትከሻዋን ይዛ ለስለስ ባለ ድምፅ ረጅም ምክር መከረቻት። ኋላ እንደተረዳሁት፣ አዲስ በመጣች እህት ማፈር ነውር ነው እያለቻት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን ራሔል ክንዴን ያዘችኝ። «ምን ሆነሽ ነው የስ የምትይው?»

«ምን አለችኝና?»

«እህትሽ ናት ወይ ነው ያለችሽ!»

ትንሽ አሰብኩ። «ታዲያ የአገሬ ልጅ እህቴ አይደለሽም?»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ራሔል። ቀጥላም የክፋቷን ያህል ረገጥ አድርጋ ነገረችኝ። «ስሚ። እንግሊዝኛ የማይችሉ ልጆች በባስ ሩቅ ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚሄዱት። አንቺን እዚህ ያስቀመጡሽ መንታ አይለያይም ብለው ነው። ገባሽ?»

ገባኝ እንጂ! ከዚያ ወዲያ መንታነቴን ከማንም በላይ እኔ ያዝኩት። ባስ ማለት ለእኔ ሰው ተጭኖበት የማይመለስበት ነገር ነበር።

ራሔል ለምን እንደዚያ እንደጠላችኝ ያወቅሁት ክላስ ስንገባ ነው። ለካ እሷ ለጓደኞቿ እዚሁ ኦክላንድ ተወለድኩ ብላ ኖሯል። አሁን እንግሊዝኛ የማታውቅ መንታዋ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች። ብሪያና የምትባል፣ ፀጉሯን በዶቃ የተሠራች ልጅ፣ ዞራ ጠየቀቻት። አንቺ እዚህ ከተወለድሽ መንታሽ የት ተወለደች?

ራሔል እርሳሷን ስትቀርጽ ቆየችና፣ «ሺ ኬም ሌት» አለች። ዘግይታ ነው የመጣችው።

ክላሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ራሔል ቀልድ ተናግራ የተሳካላት መስሎኝ። በዚያው ሳምንት ብሪያናና የእነሱ ጠረጴዛ ልጆች ራሔልን ከመካከላቸው አወጧት። ቀረሁላት እኔ።

ብዙም ሳይቆይ ሁዳዴ ገባ። እኔ እጾማለሁ፤ ራሔል አትጾምም። ምሳ የምታድለን ሴትዮ ሁሉን ልጅ «ቤቢ» የምትል ሰፊ ሴት ነበረች። የእኔ ትሪ ላይ ፖም ከካሮት ጋር ብቻ፣ የራሔል ትሪ ላይ ዶሮ ታያለች። አንጀቷ አልቻለም፤ ለእኔ ዶሮ ትደርብልኛለች። እኔም እንዳይጣል ብዬ ለራሔል አሳልፋለሁ። ሴትዮዋ ይህንን ቆማ ስታይ ምን ትበል? ይቺ ረጅሟ የእህቷን ምሳ እየነጠቀች ነው ያደገችው! ራሔልን ባየች ቁጥር ጭልፋዋን ወገቧ ላይ ታደርግና ትገረምማታለች።

«ኧረ በናትሽ አንዷን ብዪ» ትለኛለች ራሔል በሹክሹክታ። «ሴትዮዋ ልትገድለኝ ነው!»

«ጾም ነው።»

«የእኛ ፓስተር ጌታ የሚያየው ልብን ነው ብሏል።»

«የእናንተ ፓስተር የእኛን ቄስ አያዝም።»

ራሔል ሳቀች። ከእኔ ጋር የሳቀችው የመጀመሪያ ሳቅ ነው። ከዚያ በኋላ ስንወርድም ስንወጣም አብረን ሆንን። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ቃል ታስተምረኛለች፤ አንድ ቀን እኔ ውሻ ሲመጣ ከፊቷ እቆምላታለሁ። ያ ሁሉ ቁመቷ ሻይ ብርጭቆ የምታህል ውሻ ስታይ ከኋላዬ ይሸሸጋል።

ከዚያ ቲቸራችን ካምፕ እንሄዳለን አለች። ክላሱ ተነሥቶ ጮኸ። ጫካ ውስጥ፣ ሰማይ የሚነኩ ዛፎች ሥር፣ እያደሩ ሊያጠኑ። ራሔል አልጮኸችም።

«ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ።

እናቴን ሳስጠይቃት፣ ማለቴ በአባቴ በኩል ሳስነግራት፣ ያደረገችው ነገር ሽንኩርት መክተፏን ማቆም ነበር።

«ሜዳ ላይ ማደር በቃን ብለን አይደል እዚህ የመጣነው?» አለች። «ቤት ያለው ሰው ምን ቆርጦት ነው ጫካ የሚያድር? ጅብ ቢመጣስ?»

«እዚህ አገር ጅብ የለም» አላት አባቴ።

«ገና አላየሃቸውማ።»

በቃ፣ አለቀ። በማግስቱ ለራሔል ነገርኳት። «እንደፈለግሽ። ለእኔ ምንም አይደለም» አለች። ቀኑን ሙሉ ግን የሹራቧን እጅጌ ስትበላው ዋለች። እኔ ካልሄድኩ ማን ጋር ትሁን? በዚያ ላይ ጨለማ ትፈራለች፤ ያንን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

የወተቱ ጉድ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ምሳ ላይ ብሪያና ወደ ጠረጴዛችን መጣች። ጎንበስ ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፣

«የስ» አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደገመችልኝ። እኔም ደገምኩላት። «የስ።» እንዲህ እንደሚወዱኝ አላውቅም ነበር።

ለካ ደደብ ነሽ ወይ ነው የምትለኝ።

ራሔል ተነሣች። ቸኮሌት ወተቷን ከፈተችና ያን ሁሉ ዶቃ አናት ላይ እስኪያልቅ ደፋችው። ከዚያ ጩኸቱን ሁሉ አልፎ የሚሰማ ድምፅ አወጣች።

«ሺ ኢዝ ማይ ሲስተር!»

ያኔ ሲስተር ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሌላውን ሁሉ ባላውቅም ይህቺን አውቃለሁ።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ቀረብን። የመንታዎቹን እናት ጥሩ ተባለ። የራሔል እናት የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ሥራ ላይ ናት፤ ስልክ አያቀርቡላትም። ስለዚህ እኛ ቤት ተደወለ። እናቴ ከስልኩ የገባት የእኔ ስም ብቻ ነው። ሞታለች ብላ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። ቢሮው እንደገባች ከራስ እስከ እግር ዳበሰችኝ፤ ደም ፈለገች። ስታጣ ወደ ራሔል ዞረች። የራሔል እጅ ወተት በወተት ሆኗል።

አስተርጓሚ ሲፈለግ ማን አለ? ተከሳሿም ራሔል፣ አስተርጓሚዋም ራሔል።

ዳይሬክተሩ ብዙ ተናገረ። ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ራሔል ጎበዝ ተማሪ ናት ይላል» አለች ራሔል።

«እሺ። ሌላስ?» አለች እናቴ።

«ትንሽ ወተት ፈሷል ይላል።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ እስኪቀላ የተቆጣው ጎበዝ ናት ለማለት ነው?»

ከዚያ ዳይሬክተሩ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ። ራሔል አልተረጎመችም። ወለሉን አየች።

«ምን አለ?»

«የእኔ እናት እርስዎ ነዎት ወይ ይላል።»

እኔ ቶሎ ገባሁ። «እማዬ፣ መንታ እንመስላቸዋለን። አይደለም ካልሽ እኔን በባስ ሌላ ቦታ ይወስዱኛል።»

«ዋሽታችሁ ነው?»

«እኛ አልዋሸንም። እነሱ ናቸው መንታ ናችሁ ያሉን። እኔ የስ ብቻ ነው ያልኩት።»

 ዳይሬክተሩ የሚሆነው አልገባውም፤ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

«የዚች እናት የት ናት?» አለች እናቴ።

«ሥራ።»

«እኔ አይደለሁም ካልኩ ማን ያወጣታል?»

ራሔል ትከሻዋን ነቀነቀች። የሹራቧን እጅጌ ግን ወደ አፏ ወሰደች።

እናቴ ቢሮ ትፈራለች። ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ ክራቫት ያሰረ ሰው ትፈራለች። በስደት መንገዳችን ኬላ ላይ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» ሲሉ እጄ እስኪደነዝዝ ጨብጣኝ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ያንን የሚያጣብቅ የራሔልን እጅ እንደዚያው አድርጋ ጨበጠችው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ቀና አለች።

«የስ» አለች። «ማይን።»

እስከዛሬ ከሰማሁት እንግሊዝኛ ሁሉ እንደሱ የሚያምር የለም።

ከዚያ እናት ለመሆን የቀረውን ሁሉ እዚያው ፈጸመች። ራሔልን ጭኗን ልትቆነጥጥ እጇን ሰደደች። «እዚህ አይቻልም! ፖሊስ ይመጣል!» አለች ራሔል። እናቴ እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ለዳይሬክተሩ ፈገግ አለችለት፤ «ቤት እንገናኛለን» አለቻት በዚያው ፈገግታ።

ፍርዱም መጣ። ራሔል አሁን የተረጎመችው ሳትቀንስ ነው፤ ድምፅዋ ያስታውቃል። «ካምፕ አትሄጂም ይላል። እህትሽ ካልሄደች። እሷ ጨዋ ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ትጠብቅሻለች ይላል።»

ዝምተኛ! ቋንቋ የሌለው ሰው ምን ጨዋነት ይጎድለዋል?

እናቴ እኔን አየች። ራሔልን አየች። «ይሄኛውን ከራስሽ አምጥተሽ እንዳይሆን።»

«ኖ። አይ ስዌር» አለች ራሔልና ማልቀስ ጀመረች።

 ማታ እትዬ ሰብለ ከሥራ ስትገባ እናቴ ራሷ ደረጃውን ወጣች። በዚያ ሕንፃ መኖር ከጀመርን የመጀመሪያዋ ነው። እኔና ራሔል መተላለፊያው ላይ ተደብቀን ሰማን።

«በሁዳዴ አስዋሹኝ» አለች እናቴ። «ልጅዎን የእኔ ናት አልኩ።»

«ወለድኳት አላልሽም። ምኑ ነው ውሸቱ?» አለች እትዬ ሰብለ። «እርስዎ» መባባሉ በዚያች ሰዓት ቀረ። «እኔ የሰው እናት ሳጥብ የእኔን ልጅ አንቺ ቆምሽላት።»

ሻይ ተቀዳ፤ ማንኪያ ተሰማ።

«አንቺ ግን ጫካ ስትልኪያት አትፈሪም?» አለች እናቴ።

«እሞታለሁ እንጂ! ለእሷ አልነግራትም።»

«ታዲያ?»

«ሁለት ሆነው ከሄዱ ግማሹን ነው የምፈራው።»

እናቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «እንግዲያው ያንን ግማሽ ለእኔ አድርጊው» አለች። ራሔል ጩኸቷን ለማፈን የእኔን ነጠላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው።

የካምፑን ሽታ ምን ብዬ ልንገራችሁ። ያው በረንዳዬ ላይ ያለው ነው። ዛፎቹ ጫፋቸው አይታይም፤ ጉሙን እየጠጡ እንደገና ጠብ ጠብ ያደርጉታል፤ ፀሐይ እያለ ዛፍ ሥር ይዘንባል። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ በጠዋት በኩባያ ስንበጠብጥ ልጆቹ ከበቡን። ብሪያና ሳትቀር ቀመሰች። እንደ ብስኩት ነው አለች፤ ሁለተኛ ኩባያ ጠየቀች። ቀኑ ሲመሽ ራሔል ስሊፒንግ ባጓን ጎትታ ከእኔ ጋር ታገጥምና «እንዳይበርድሽ ብዬ ነው» ትላለች። እሺ እላታለሁ።

በዚያ ጫካ ሙዝ የመሰለ ቢጫ፣ ቤት የሌለው ቀንድ አውጣ አለ። የካምፑ ወግ እሱን መሳም ነው፤ የሳመ ጀግና ይባላል። ክላሱ በሙሉ እየጮኸ ሸሸ። እኔ ጊንጥ ከጫማዬ ሳራግፍ ያደግሁ ልጅ ነኝ። መዳፌ ላይ አኖርኩት።

«ተዪ! ሥጋ ነው እኮ፣ ጾምሽን ትፈቻለሽ!» አለችኝ ራሔል ከሩቅ።

«መሳም አይፈታም» አልኩና ሳምኩት። ከንፈሬ ደነዘዘ። ልጆቹ ስሜን እየጠሩ አጨበጨቡ። ገነት! ገነት! እዚህ አገር ስሜ እንደዚያ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የካምፑ መሪ፣ ጢሙ የተንጨባረረ ወጣት፣ ራሔልንና እኔን እያየ ሳቀና ጠየቀ። እውነት መንታ ናችሁ?

ራሔል ወደ እኔ አየች። ጥያቄውን ከዳር እስከ ዳር፣ አንድም ቃል ሳይቀርብኝ ሰምቼዋለሁ። ለመልሱ አልቸኮልኩም።

«የስ» አልኩት። «አይ ኬም ሌት።»

ስንመለስ ሁለቱም እናቶች ባሱ በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። እናቴ ራሔልን ሳመች፣ እትዬ ሰብለ እኔን። ጸሐፊዋ መነጽሯን አድርጋ እናቶቻችንን ደጋግማ ቆጠረች። አንድ አባት፣ ሁለት እናት! ምን ብላ እንደደመደመች እግዜር ይወቅ፤ አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ ሲመጣ ለምን በክፉ ዐይን እንደምታየው እስከ መጨረሻው አልገባውም። መንታ እንደሆንን ዓመቱ አለቀ።

ከበረንዳው ሳልነሣ ኦክላንድ ላለችው ራሔል ኮል አደረግኩላት። ሊያ ካምፕ ልትሄድ ነው አልኳት።

«ጓደኛዋ አብራት አለች?»

«አለች።»

«በይ በሶውን አብዢላት» አለችኝና ዘጋችው።

ሻንጣውን መሃል ወለል ላይ ከፍቼ ካልሲ ስደረድር ሊያ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። እሺ ማለቴ እንደሆነ ገብቷታል፤ ደስታዋን ግን ያዝ አድርጋ እጄን ታያለች። የደረደርኩትን ካልሲ አውጥቼ እንደ አዲስ እቆጥረዋለሁ።

«ማሚ፣ ፈራሽ? አር ዩ ስኬርድ?»

«የስ» አልኳትና ለጓደኛዋ ሁለተኛ ኩባያ ከበሶው ጋር ከተትኩላት።